ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ሲሆን

ቴፒ መናኸሪያ በር ላይ ለግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ሁለት ዓይነት ሞተረኛ ያያል። አንደኛው ከራሱ በፊት ዘፈኑ ይደርሳል። መሪው ላይ ባሰራቸው ሁለት ክብ ስፒከሮች ፍላሽ ሰክቶ ሰፈሩን እያናወጠ ያልፋል። ሁለተኛው ምንም ድምፅ የለውም። ከኋላው አይሱዙ ክላክስ ቢነፋበትም ዘወር አይልም፤ ሁለቱንም ጆሮውን በኤርፎን ደፍኗል። ሰው አንደኛውን «ረባሽ» ብሎ ይረግመዋል። ሁለተኛውን ግን ጨዋ ነው ይለዋል፤ ማንንም አልረበሸማ።

ይህ ፍርድ መገልበጥ አለበት። ባለስፒከሩ ጥፋት አለበት፤ ጥፋቱ ግን በአብዛኛው የጎረቤትን ሰላም መንሳት ነው። ባለኤርፎኑ ራሱንም፣ ከኋላው የተፈናጠጠውንም ሰው ሕይወት በቁማር ያስይዛል። ስለዚህ ሞተር ላይ ሙዚቃ ለመስማት ዕቃ ሲገዛ መቅደም ያለበት ጥያቄ «የቱ ይበልጥ ጥርት ያለ ድምፅ አለው?» የሚለው አይደለም። «የቱ ጆሮን ለመንገዱ ክፍት ይተዋል?» የሚለው ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» የሚለው የአበው ተረት የተነገረው ሰው ስለራሱ የሚወራውን አይሰማም ለማለት ነበር። ኤርፎን የደፈነ ሞተረኛ ላይ ግን ተረቱ ቃል በቃል ይፈጸማል።

ቴፒ ላይ ይህ የቅንጦት ወሬ አይደለም። ከተማዋ የሸካ ዞን የኪ ወረዳ ውስጥ ናት። የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ ከአራቱ የክልሉ መቀመጫዎች አንዷ ሆናለች። የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ እዚያ ነው። በዙሪያዋ ቡና፣ ኮረሪማ፣ እርድና ቁንዶ በርበሬ ይመረታል። ይህን ሁሉ ሰው መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ወደ ከተማ የሚያመላልሰው በአብዛኛው ሞተር ነው። እሸት ቡና ሸጦ የሚመለስ ገበሬ፣ ክፍል የረፈደበት ተማሪ፣ ምጥ የያዛት እናት ሳትቀር ሞተር ላይ ይፈናጠጣሉ። ከሞተረኛው ጆሮ ጋር የተያያዘው የእሱ ነፍስ ብቻ አይደለም።

ሙዚቃው ለምን እንዳስፈለገ መረዳትም ፍትሕ ነው። ሞተረኛ ከማለዳ እስከ ምሽት መንገድ ላይ ነው። በበጋ አቧራ ይቅማል፣ በክረምት ጭቃ ይጋልባል። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲበረታ እንቅልፍ ያዳፋዋል። ዘፈን ያነቃዋል፣ ብቸኝነቱን ይቀንስለታል፣ ገበያም ይስብለታል፤ ወጣት ተሳፋሪ ዘፈን ያለበትን ሞተር ይመርጣል። «ሙዚቃህን ዝጋና ንዳ» የሚል ምክር የሰውየውን ኑሮ ካለማወቅ የሚመጣ ነው፤ ሰሚም አያገኝም። ክርክሩ ሙዚቃ ይኑር አይኑር ሳይሆን በምን ይሰማ በሚለው ላይ መሆን አለበት።

በዚህ ጉዳይ ከውጭ የሚመጣው ምክር ለቴፒ አልተሰፋም። በአውሮፓና በአሜሪካ አውራ ጎዳና ሞተር በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። በዚያ ፍጥነት ሄልሜት ውስጥ የሚገባው የንፋስ ጩኸት ብቻውን ወደ 100 ዴሲቤል ይጠጋል። እዚያ ያለው ሞተረኛ ጆሮውን በኤርፎን ወይም በጆሮ መድፈኛ ቢሸፍን ከንፋሱ የመከላከል ምክንያት አለው። በቴፒ ኮረኮንች ላይ በ30 እና በ40 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ ሰው ግን ንፋሱ ጠላቱ አይደለም። የሚሰማው የራሱ ሞተር፣ የጠጠሩ ድምፅና ዝናቡ ነው። ከእነዚህ መካከል ደግሞ ሕይወቱን የሚያተርፍለት ድምፅ አለ፦ የሌላ መኪና ድምፅ።

ከቴፒ ወደ ሚዛን፣ ወደ ማሻ ወይም ወደ ሜጢ በሚወስዱት መንገዶች ደኑና የቡናው ጥላ ዛፍ እስከ መንገዱ ዳር ይደርሳል። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የብዝኃ ሕይወት ጥብቅ ቦታ ሆኖ የተመዘገበ ነው፤ ጥቅጥቅነቱ ለዓይን ያምራል፣ ለሞተረኛ ግን መታጠፊያውን ይሰውርበታል። ከመታጠፊያው ወዲያ የሚመጣውን ሲኖትራክ ዓይን ሳያየው ጆሮ ይሰማዋል። ከኋላ የሚመጣውን ለማየት ደግሞ ስፖኪዮ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሞተሮች ላይ ግን ስፖኪዮው ተፈትቶ ወይም ተሰብሮ የለም። ስፖኪዮ የሌለው ሞተረኛ የኋላውን የሚያይበት ጆሮው ብቻ ነው። እሱንም ከደፈነው ግማሹ መንገድ ጠፋበት ማለት ነው።

ከሁሉም የሚብሰው «የውጭ ድምፅ ያጠፋል» እየተባለ በውድ የሚሸጠው ኤርፎን ነው። ይህ ቴክኖሎጂ በተለይ የሚያጠፋው ዝቅ ያለውንና ሳያቋርጥ የሚያጓራውን ድምፅ ነው፤ የተሠራውም የአውሮፕላን ሞተር ጉርምርምታ ላስቸገረው መንገደኛ ነው። የአይሱዙና የሲኖትራክ ሞተር ድምፅም ዝቅ ያለ፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ነው። ዕቃው ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር ሞተረኛው ከኋላው የሚመጣውን ከባድ መኪና ይበልጥ ይስታል። ለአውሮፕላን ወንበር የሚመሰገን ዕቃ ለሞተር ኮርቻ አይሆንም።

«አንዱን ጆሮ ብቻ ብሰካስ?» የሚል አለ። ከሁለቱ ይሻላል፣ ግን መፍትሔ ተብሎ የሚታመን አይደለም። ሰው ድምፅ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው በሁለቱ ጆሮዎቹ መካከል ባለው ጥቂት የጊዜና የጉልበት ልዩነት ነው። አንዱ ሲደፈን ክላክሱ ይሰማል፣ አቅጣጫው ግን ይምታታል፤ ሞተረኛውም ወደተሳሳተው ጎን ሊያጥፍ ይችላል። የግድ ካለ እንኳ ክፍት መቅረት ያለበት የግራው ጆሮ ነው፤ በኢትዮጵያ መንገድ የሚቀድም መኪና በግራ በኩል ይመጣልና።

ሌሎች አገሮች ይህን በሕግ አስረውታል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2015 ጀምሮ መኪናም ሞተርም ብስክሌትም የሚነዳ ሰው ጆሮው ውስጥ ኤርፎን እንዳይሰካ ከልክላለች፤ ቅጣቱ 135 ዩሮ ነው። ሄልሜት ውስጥ የሚገጠም ስፒከርን ግን አልከለከለችም። ካሊፎርኒያ ሁለቱንም ጆሮ በአንድ ጊዜ መሸፈንን ትከለክላለች። ሁለቱም ሕጎች ሙዚቃውን አልነኩም፤ የተጨነቁት ጆሮው ክፍት ስለመሆኑ ነው።

ከአደጋው ሌላ የጆሮው ጤና አለ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም መመዘኛ እንደሚለው ሰው 85 ዴሲቤል ድምፅ ውስጥ በቀን 8 ሰዓት ሊሠራ ይችላል። ድምፁ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። 88 ላይ 4 ሰዓት፣ 91 ላይ 2 ሰዓት፣ 94 ላይ 1 ሰዓት፣ 100 ላይ ሩብ ሰዓት ብቻ ይቀራል። ኤርፎን የሰካ ሞተረኛ የሞተሩን ጩኸት ለማሸነፍ ድምፁን መጨመሩ አይቀርም። እንዲህ ቀኑን ሙሉ የሚውል ወጣት በ40 ዓመቱ የልጁን ድምፅ ለመስማት ጆሮውን ሊያዘነብል ይችላል። በጩኸት የተጎዳ የውስጥ ጆሮ ደግሞ ተመልሶ አይድንም።

ባለስፒከሩም በነፃ አይለቀቅም። የአገሪቱ የአካባቢ ደረጃ ለመኖሪያ ሰፈር የሚፈቅደው ቀን 55፣ ሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት አጠገብ እየጮኸ የሚያልፍ ሞተር ይህን ደረጃ አያውቀውም። ለራሱም ኪሳራ አለው። 20 ዋት የሚበላ ስፒከር ከ12 ቮልት ባትሪ ወደ 1.7 አምፔር ይስባል። ተራ ሲጠብቅ ሞተሩን አጥፍቶ ዘፈኑን ከለቀቀው፣ 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ቢበዛ በሦስት ሰዓት ውስጥ ይሟጠጣል። ያለ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪ የተቀጠለ ሽቦ ደግሞ በዝናብም በንዝረትም ተልጦ ሊጋጭ ይችላል። ቤንዚን ታንከር ሥር የሚፈጠር ብልጭታ ምን እንደሚያመጣ ማንም አይስተውም።

እዚህ ላይ አንድ ጠንካራ መቃወሚያ ይነሳል። በብዙ አገሮች መስማት የተሳናቸው ሰዎች መንጃ ፈቃድ አላቸው፤ መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃ የከፈተ ባለመኪናም ውጭውን አይሰማም። ታዲያ ሞተረኛው ለምን ተለይቶ ይወቀሳል? መልሱ ቀላል ነው። መስማት የተሳነው አሽከርካሪ ዕድሜውን ሙሉ ዓይኑን በጆሮ ምትክ አሠልጥኗል፤ ስፖኪዮውንም አይፈታም። ባለመኪናው በብረት ተከቧል፣ ቀበቶም አለው። ኤርፎን የሰካው ሞተረኛ ይህ ሁሉ የለውም። በዓለም በየዓመቱ በትራፊክ አደጋ ከሚሞተው 1.19 ሚሊዮን ገደማ ሕዝብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው እግረኛ፣ ባለብስክሌትና ባለሞተር መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። ከለላ የሌለው ሰው ያለውን የስሜት ሕዋስ ሁሉ ይፈልገዋል።

እንግዲህ ገንዘብ የቋጠረ ሞተረኛ ምን ይግዛ? ከሁሉ በፊት ሁለት ስፖኪዮና ሁለት ሄልሜት፣ አንዱ ለራሱ፣ አንዱ ለተሳፋሪው። በብዙ ጥናቶች ላይ የተመሠረተ ምርመራ እንዳሳየው ሄልሜት የሞት አደጋን 42 በመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን 69 በመቶ ይቀንሳል። ለተሳፋሪው ሄልሜት ሳይገዛ ስፒከር የገዛ ሰው ጨዋታውን ከሕይወት አስቀድሟል።

ከዚያ በኋላ አቅም ላለው ከሁሉ የሚሻለው ሄልሜት ውስጥ የሚገጠም ጠፍጣፋ የብሉቱዝ ስፒከር ነው። ጆሮ ውስጥ ሳይገባ ከጆሮ ውጭ ስለሚቀመጥ፣ ዝቅ ተደርጎ ከተከፈተ የመንገዱን ድምፅ አይከለክልም፤ ሰፈርም አይረብሽም። ሲገጠም ግን የሄልሜቱን የውስጥ ፎም በቢላ መቦርቦር አይገባም፤ ጭንቅላትን የሚያተርፈው ያ ፎም ነው። አቅም ለሌለው መሪው ላይ ፊቱን ወደ ነጂው አዙሮ የሚታሰር አንድ ትንሽ ስፒከር ይበቃል። ባትሪው የራሱ ቢሆን ከሞተሩ ሽቦ ጋር አይነካካም። በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ በሚያገኝ አገር ደግሞ ውኃ የሚችል መሆኑ መታየት አለበት፤ አይ ፒ ኤክስ 7 የሚል ምልክት ያለው አንድ ሜትር ውኃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ቢቆይ አይበላሽም። ኤርፎን የመጨረሻው ምርጫ ነው፤ ሰው ተፈናጥጦ ሳለ ደግሞ ጭራሽ ምርጫ አይደለም። የዘፈኑም ዝርዝር ከመነሳት በፊት ይዘጋጅ። በ40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው ዘፈን ለመቀየር ለሁለት ሰከንድ ስልኩን ሲያይ 22 ሜትር መንገድ ሳያይ ያልፋል።

የድምፁን ልክ ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ሞተሩ ተነስቶ፣ ዘፈኑ ተከፍቶ፣ ከኋላ የተቀመጠ ሰው ሳይጮህ «ቀስ በል» ይበል። ነጂው ከሰማ ልኩ ነው፤ ካልሰማ ይቀነስ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ቀስ በልልኝ» ብላ ስትለምን የማይሰማ ሹፌር የቱንም ያህል እጁ የተካነ ቢሆን ሰው ለመጫን አልበቃም።

ይህን ማን ያስፈጽም? በኢትዮጵያ ስለ ሞተር በይፋ ሲወራ የሚነሳው ወንጀል ነው። የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሞተርን ያገደው ዝርፊያን ምክንያት አድርጎ ነበር። እገዳ ለቴፒ መድኃኒት አይሆንም፤ ሞተር ሲታገድ ገበሬውም ወላዷም በእግር ይቀራሉ። የትራፊክ ፖሊስም በየቀበሌው መንገድ ቆሞ የሰው ጆሮ ሊፈትሽ አይችልም። የሚቀርበው አካል የሞተረኞቹ የራሳቸው ማኅበር ነው። «ሰው ጭኖ ኤርፎን የሰካ ተራ ያጣል» የምትል አንዲት መስመር በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ብትገባ ከብዙ ቅጣት በላይ ትሠራለች። ተሳፋሪም ሥልጣን አለው፤ ሒሳቡን የሚከፍለው እሱ ነው። ኤርፎኑን ያላወጣ ሞተር ላይ አልወጣም ቢል ነውር የለበትም።

ሞተረኛው ድምፅ መቀነስ አያውቅም የሚል ካለ ተሳስቷል። ለቅሶ ድንኳን ተጥሎ ሲያይ ማንም ሳያዘው እጁን ሰድዶ ዘፈኑን ይዘጋል፤ ድንኳኑን እስኪያልፍ ዝም ብሎ ይነዳል። ይህ ጨዋነት ከማንም ደንብ የመጣ አይደለም፣ ያሳደገው ማኅበረሰብ የሰጠው ነው። ለሞተ ሰው ክብር የሚቀነሰው ድምፅ፣ ከኋላ ተፈናጥጦ ወገቡን ለያዘው ሰው ሕይወት ሲባልም ይቀነስ።