‹‹ተራ ነገር ነው›› ላሉን

በሥነ ጽሑፍ ምሽቶቻችን ላይ አንዲት ቃል ነግሣ ከርማለች። ቃሏ ‹‹ተራ›› ትባላለች። አንድ ወጣት ተነሥቶ ስለ አገር፣ ስለ ታሪክ፣ ስለ ዓባይና ስለ ፋሲል ግንብ ሲያነብ ጭብጨባ ይዘንብለታል፤ ስንኙ ቤት ባይመታም፣ ሐሳቡን ከትናንት በስቲያ ከሌላ አፍ የሰማነው ቢሆንም ማለት ነው። አንዲት ወጣት ተነሥታ ‹‹በክረምቱ ይህን ሠራሁ፤ ከጓደኞቼ ጋር ይህን ዘፈን ሰማሁ፤ የምወደው ሰው በዚህ ቀን ተለየኝ›› ያለች እንደሆነ ግን ከፊት ወንበር የተቀመጡት አዋቂዎች ጉሮሯቸውን ይጠርጉና ‹‹ተራ ነገር ነው፤ ማስታወሻ እንጂ ሥነ ጽሑፍ አይደለም›› ይላሉ። ይህን ፍርድ ልሞግት ተነሥቻለሁ። አንባቢ ሆይ፣ ጠበቃ የሚያሰኝ የሕግ ትምህርት የለኝም። ቀን ከባንክ መስኮት ጀርባ ገንዘብ እቆጥራለሁ፣ ማታ ስንኝ እቆጥራለሁ፤ ሁለቱም ሒሳባቸው አልገጥም ሲል ያስመሻሉ።

መጀመሪያ የወቅቱን ስም እናጥራ። የካምፓስ ልጆች የዕረፍቱን ጊዜ ‹‹ሰመር›› ይሉታል። ከቃሉ ጋር ጠብ የለኝም፤ ጠቤ ቃሉ ይዞት ከሚመጣው ሥዕል ጋር ነው። የፈረንጁ ሰመር ፀሐይ ነው፣ አሸዋ ነው፣ በሜዳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ የሚደረግ የሙዚቃ ድግስ ነው። ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ዳር ላለችው ለእኛይቱ ፀዳ ግን ሐምሌ ማለት ጭቃ ነው። ከቆርቆሮ ጣራ ሥር ተጠልሎ ዝናቡ እስኪያባራ መጠበቅ ነው፤ ነሐሴ ሲጋመስ ደግሞ የበቆሎ ጥብስ ጢስና የቡሄ ጅራፍ ነው። ትልልቆቹ ኮንሰርቶች በክረምት አይመጡልንም። የሚመጡት በጥር፣ በጥምቀት ሰሞን ነው። ቴዲ አፍሮ በጥር 2010 ዓ.ም. ባሕር ዳር ስታዲየም ሲዘፍን ሰማዩ ጠርቶ፣ መንገዱ ደርቆ ነበር። የክረምቱ ኮንሰርት ሌላ ነው፤ በባጃጅ ውስጥ ነው፣ በስልክ ሚሞሪ ካርድ ላይ ነው፣ መብራት በጠፋበት የኪራይ ክፍል ውስጥ ነው። ይህን ትቶ ስለማያውቀው የባሕር ዳርቻ የሚገጥመውን ልጅ አዋቂዎቹ ቢገሥጹት ከእነርሱ ጋር እቆማለሁ። እነርሱ ግን የሚገሥጹት ስለ ጭቃው የጻፈውን ነው።

የወጣቱን የክረምት ሥራ እኔ ከመስኮቴ አየዋለሁ። (የደንበኛ ምስጢር አይወጣምና ስም አትጠይቁኝ።) በሐምሌ መጀመሪያ አዲስ ሒሳብ ከሚከፍቱት ብዙዎቹ ገና የሃያና የሃያ አንድ ዓመት ልጆች ናቸው። ፊርማቸው አልረጋም። በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፊርማ ካርዱ ላይ ሌላ ዓይነት ይፈርማሉና ‹‹እስቲ እንደገና›› እላቸዋለሁ። ድንጋይ ሲሸከም የዋለ እጅ እስክሪብቶ ሲጨብጥ ይንቀጠቀጣል። አንዱ ኮብልስቶን ሲጠርብ፣ ሌላው አሸዋና ሲሚንቶ ሲያቦካ፣ ሌላዋ በሰው ሱቅ ቆማ ስትሸጥ ይከርማሉ። ከደጋው ወርደው ወደ መተማና ወደ ሁመራ የሰሊጥ አረም ሊያርሙ የሚሄዱም አሉ። በዚያ ቆላ ወባ አለ፤ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛርም አለ። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለዚህ በሽታ የራሱን የሕክምናና የምርምር ማዕከል እስከ ማቋቋም የደረሰው በሽተኛው ስለበዛ ነው። እንግዲህ ‹‹የዕረፍት ጊዜ›› የምንለው ለአንዳንዱ ልጅ እንዲህ ያለ ነው። በመስከረም ተመልሶ ሲመጣ የቁጠባ ደብተሩን አያለሁ፤ ገቢ፣ ገቢ፣ ገቢ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ ወጪ። ያ ወጪ ለእናቱ ጣራ ይሁን፣ ለሴት ልጅ ጫማ ይሁን፣ ወይስ ለሐኪም ደብተሩ አይናገርም። ይህን መናገር የማን ሥራ ይመስላችኋል?

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። በቅርቡ በአንድ የንባብ ምሽት (የቱ እንደሆነ ይቅር) አንዲት የፀዳ ልጅ የ2015ን ክረምት የጻፈችበትን አነበበች። ያን ክረምት የማያስታውስ የለም። ሐምሌ 28 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በነሐሴ መጀመሪያ ጎንደር ሰዓት እላፊ ከተጣለባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች፤ የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ተቋርጦ ለወራት ቆየ። ልጅቱ ስለ አዋጁ የጻፈችው ሁለት መስመር ብቻ ነው። የቀረው ስለ ራሷ ነው። ጎንደር ማራኪ በሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራ የሰዎችን የሥራ ማመልከቻ በገጽ ሒሳብ ትተይብ ነበር። ስንት ሰው ምን ያህል ዲግሪ ይዞ ምን ዓይነት ሥራ እንደሚለምን በዝርዝር ጽፋለች፤ የራሷን ማመልከቻ የተየበችው ከሁሉ በኋላ መሆኑንም እንዲሁ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አልፋዋለች።

ፍቅረኛዋ ለአረም ወደ መተማ ወርዶ ነበር። ሐምሌ ሲያልቅ ከዚያው ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ስልክ አልደወለም። እርሷ ‹‹ኔትወርክ ነው›› ትላለች፤ እውነትም ኔትወርክ የለም። በየማታው በቴሌግራም ትጽፍለታለች፤ መልእክቱ አይሄድም፤ ከጎኑ ትንሿ የሰዓት ምልክት ብቻ ትታያለች። ፍልሰታ በተፈታ ሰሞን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ሰዓት እላፊው ስለደረሰባቸው በአንድ ክፍል ውስጥ አደሩ። መብራት አልነበረም፤ ስልካቸውም ሞተ። ከዚያ ከትዝታ ጀምረው፣ ከልጅነት የሆያ ሆዬ ዜማ አልፈው፣ ቅጥሩ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው እስኪነጋ ዘፈኑ። ዘፈኖቹን በዝርዝር፣ የትኛዋ የትኛውን እንደጀመረች፣ የትኛዋ ግጥሙ ጠፍቷት በ‹‹ላላላ›› እንደሞላችው ጽፋለች። ‹‹የሄድኩበት ብቸኛ ኮንሰርት›› ትለዋለች።

ከወራት በኋላ ኢንተርኔቱ ተመለሰ። መጀመሪያ የገባው የእርሱ መልእክት ነበር፤ በነሐሴ ዘጠኝ የተላከ፣ ጨዋ በሆነ ቃል የተጻፈ ስንብት። ገና አንብባ ሳትጨርስ የእርሷ አርባ ያህል የናፍቆት መልእክቶች በአንድ ጊዜ ከስልኳ ወጥተው ሄዱ። የሰዓቷ ምልክት ከእያንዳንዱ ጎን እየጠፋች ‹‹ደርሷል›› የሚለው ምልክት ሲተካ እያየች አንዱንም ልትመልሰው አልቻለችም።

ይህን ነው ‹‹ተራ›› ያሉት! ከመድረኩ ታላላቅ አንዱ ‹‹ልጄ፣ አገር እንዲህ በሆነችበት ዘመን የፍቅር ጭንቀት ምን ይረባል? ስለ ዘመኑ ጻፊ›› አሏት። ‹‹እሺ ጋሼ፣ አስተካክላለሁ›› ብላ ተቀመጠች።

ምኑን ነው የምታስተካክለው? መለየትንና መቆራረጥን እርስ በርሳቸው መለየት ያልተቻለበትን ክረምት፣ የተወችው ሴት ትሁን የተዘጋ መስመር ሳታውቅ የቆየችበትን ክረምት ከዚህ በላይ ስለ ዘመኑ የሚናገር ጽሑፍ አምጡልኝ። መግለጫዎቹን ሁላችንም አንብበናል። የዚህኛውም የዚያኛውም ወገን መግለጫ በማኅደር አለ፣ አይጠፋም። በቴሌግራም ላይ ቆማ የቀረችው የሰዓት ምልክት ግን በማንም ማኅደር ውስጥ የለችም፤ ያቺ ልጅ ካልጻፈቻት አልነበረችም።

ታላላቆቻችን የሚያከብሯቸውን መጻሕፍት እንጥቀስ። ‹‹ፍቅር እስከ መቃብር›› በ1958 ዓ.ም. ሲወጣ የፊውዳሉን ሥርዓት ገመና እንደ ገለጠ ሲነገር ኖሯል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ሐዲስ ዓለማየሁ ሥርዓቱን ያሳዩን በምን በኩል ነው? በሰብለ ወንጌልና በበዛብህ በኩል ነው፤ አንድ አስተማሪና አንዲት ተማሪ በመዋደዳቸው። በዓሉ ግርማን ውሰዱ። ‹‹ኦሮማይ›› የቀይ ኮከብ ዘመቻን የሚያህል መንግሥታዊ ግርግር በውስጡ ይዟል። ከዘመቻው ስንቱን ኮሚቴ፣ ስንቱን ስብሰባ በስም ታስታውሳላችሁ? ፊያሜታ ጊላይን ግን የረሳ አንባቢ እስካሁን አላጋጠመኝም። ደራሲው መጽሐፉ በ1975 ከወጣ በኋላ በዓመቱ የደረሰበት ጠፍቶ ቀረ፤ መጽሐፉ የቀረው ፍቅርንና ዘመቻን በአንድ ገጽ ስላዋለ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ወደ አማርኛ ‹‹ማማ በሰማይ›› ተብሎ የተመለሰው የሕይወት ተፈራ ትውስታም እንዲሁ ነው። የዚያን ትውልድ የድርጅት ክርክር በሌላ መጽሐፍም እናገኘዋለን፤ አንዲት ወጣት የምትወደውን ጌታቸው ማሩን የገዛ ድርጅቱ እንደ ገደለው ስታውቅ የሆነችውን ግን የምናገኘው ከእርሷ ብቻ ነው። እንግዲህ እነዚህ ‹‹ተራ›› ከሆኑ፣ ከፍ ያለው የቱ ነው?

‹‹እነርሱ እኮ ታላላቅ ደራስያን ናቸው›› የሚል መልስ ይመጣል። በዓሉም አንድ ቀን ያልታወቀ ወጣት ነበር።

ነገሩ የአንዲት ልጅ ብቻ ቢሆን ባልተሟገትሁ። የ2013ን ዓመት አስቡ። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ አንሥቶ ጎንደር በደስታ ሰክራ ነበር። በዚያው ዓመት ክረምት ጦርነቱ ሰሜን ጎንደር ደረሰ፤ በነሐሴ መጨረሻ በዳባት ወረዳ በጭና ሰላማዊ ገበሬዎች ተጨፈጨፉ። ደስታውና ሐዘኑ በጥቂት ወራት ርቀት ውስጥ ናቸው። በግንቦት የቡድኑን ማሊያ ለብሶ የጨፈረው ልጅ በነሐሴ የት ነበር? ከማን ጋር ነበር? ማንን ይወድ ነበር? ማሊያውን ምን አደረገው? ስለ ጭናው ጭፍጨፋ የተጻፉ ዘገባዎች አሉ፤ ስለ ዋንጫውም አሉ። በሁለቱ መካከል ስላለፈው ልጅ ግን አንድ ገጽ ሥነ ጽሑፍ አላየሁም። አለ የምትሉ ካላችሁ አምጡልኝና ከምስጋና ጋር አነባለሁ። እኔ ግን እንዳይጻፍ ያደረግነው እኛው ነን ብዬ እጠረጥራለሁ፤ በየመድረኩ ‹‹ተራ›› እያልን።

ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ነገር ለታላላቆቹ እሰጣለሁ። ብዙው የወጣት የክረምት ጽሑፍ ደካማ ነው። ዝናቡ ሁልጊዜ እንባ ነው፣ ደመናው ሁልጊዜ ኀዘን ነው፣ ልቡ እንደ ብርጭቆ ይሰበራል፣ ጨረቃዋም በሐምሌ አጋማሽ ያለ ሐፍረት ታበራለች (በሐምሌ ፀዳ ላይ ጨረቃ ያየ ይንገረኝ!)። ግን ድካሙ ከርእሱ ነው የመጣው? ስለ ዓድዋ የሚጻፈውም እኮ በዚሁ ልክ ደካማ ነው፤ ስለ ዓድዋ ስለሆነ ብቻ እናጨበጭባለን። የልጆቹ ጉድለት ዝርዝር ማነሱ ነው። ‹‹ልቤ ተሰበረ›› ያለ ልጅ መቼ፣ በየት ሰፈር፣ ኪሱ ውስጥ ስንት ብር ኖሮት እንደተሰበረ ቢነግረኝ አምነዋለሁ። ይህን አዝማሪዎቻችን ያውቁታል። አዝማሪው መሰንቆውን አንግቦ ከፊትህ ሲቆም መጀመሪያ ስምህን ይጠይቃል፣ ከየት እንደመጣህ፣ ምን እንደምትሠራ ይሰማል። ከጎንህ የተቀመጠውም ሰው ግጥም ይሰጠዋል። ከዚያ ነው ሰምና ወርቁ የሚመጣው። ጎንደር ስንት ዘመን ያዝማሪ አገር ሆና ኖራ፣ የሰውን የራሱን ጉዳይ ወደ ግጥም መለወጥ እንደ ነውር የሚቆጠርባት ከተማ መሆኗ ይገርመኛል። እነ ይርጋ ዱባለን በካሴት ያዳመጡ ሽማግሌዎች ይህን ሲሉ ደግሞ የበለጠ ይገርመኛል።

ሌላ የተደበቀ ነገርም አለ፣ ልናገረው። ‹‹ስለ አገር ጻፉ›› የሚለው ምክር ሁልጊዜ ከጥበብ አይመነጭም፤ አንዳንዴ የምቾት ነው። ስለ ፋሲል ግንብ የሚነበብ ግጥም ማንንም አያሳፍርም። የሥራ ማመልከቻ ስለምትተይብ ባለ ዲግሪ የሚነበብ ጽሑፍ ግን ከፊት ወንበር የተቀመጠውን ቀጣሪ ወደ መሬት ያስመለክተዋል። በዚያ ምሽት አይቻለሁ።

ስለዚህ የንባብ ምሽት ለምታዘጋጁ ሁሉ፣ በፀዳም ሆነ በጎንደር፣ በባሕር ዳርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ አንድ ሐሳብ አቀርባለሁ። በሚመጣው መስከረም የመጀመሪያውን መድረክ ለክረምት ጽሑፍ ስጡ። አንባቢዎቹ ከሃያ አምስት ዓመት በታች ይሁኑ። ያነበቡትን የሚተች ሰው ‹‹ተራ›› ማለት ከፈለገ ይበል፤ ግን የትኛው ዓረፍተ ነገር እንደሆነ በጣቱ ያሳይ፣ ጮኾም ያንብበው። ልጅቱን ስለ ጽሑፏ ጠይቄአት ነበር። አሥራ አንድ ገጽ ነው፤ እስካሁን አላስተካከለችውም።