ብርጭቆ በፊርማ፣ ቤት በቃል

«ጋሼ፣ እኛን አያምኑንም እንዴ?» ይላል ደላላው፣ የዕቃው ዝርዝር ይጻፍ ሲሉት። ይቺ «እምነት» የምትባል ቃል አንጀቴን ታሳርረኛለች።

የሰፈራችን ዕድር ድንኳንና ወንበር የሚያውሰው በመዝገብ ነው። ብረት ድስቱ፣ ትሪው፣ ብርጭቆው ተቆጥሮ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይገባል። የጎደለውን ሐዘንተኛውም ቢሆን ይከፍላል፤ «ተናቅሁ» ብሎ ያኮረፈ ግን አላየሁም። አብሮን ሲቀብር የኖረ ጎረቤት ብርጭቆ በፊርማ እየወሰደ፣ ከአዲስ አበባ ድሬዳዋ የሚዛወር ሰው ቡፌውን፣ ፍሪጁን፣ የእናቱን ምጣድ ሳይቀር ስሙን በቅጡ ለማያውቀው የአይሱዙ ሾፌር በቃል ያስረክባል! ያውም ሕዝቡ በአንድ ወቅት በጥድፊያው «አልቃይዳ» ብሎ ለሰየመው መኪና።

ከዚያ አዋሽን ተሻግሮ፣ የደንገጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ሲደርስ የቁም ሳጥኑ መስታወት ረግፏል። ሾፌሩን ሲጠይቁት «ጫኞቹ ናቸው» ይላል። ጫኞቹ አዲስ አበባ ቀርተዋል። ደላላውማ ኮሚሽኑን በልቶ ስልኩን ዘግቷል።

እኔ የምለው፣ ታርጋውና መንጃ ፈቃዱ ይመዝገብ፤ የዕቃው ብዛት፣ የነበረበት ጭረትም ጭምር። መንገድ ላይ ሌላ ጭነት እንዳይደርብ፣ የሰበረውን እንዲከፍል ይጻፍ። ፎቶም ይነሳ። ቀሪው ሒሳብ ዕቃው ወርዶ ከተቆጠረ በኋላ ነው። (ወርቅና የቤት ካርታ ከባለቤቱ ጋር ይሳፈራሉ፤ ይሄ እንኳ አያከራክርም።)

«ወረቀት ዋጋ ያስወድዳል» የሚሉኝ አሉ። አንድ ሉክ ስንት ቢሸጥ ነው? አልፈርምም የሚል ሾፌር ካለ ሸራውን ጠቅልሎ ባዶውን ይሂድ።