መስዋዕት የሚሆነው የማን ልጅ ነው?

በሰሙነ ሕማማት ኦርቶዶክሳውያን አይሳሳሙም፤ እጅ ለእጅ ተጨባብጦ ሰላም መባባልም የለም። ከምክንያቶቹ አንዱ ይሁዳ ነው። ጌታውን አሳልፎ የሰጠው በመሳም ነበርና። ረቡዕ የሚጾመው በዚያ ቀን የተመከረበትን ክፋት፣ ዓርብ የሚጾመው ደግሞ ስቅለቱን ለማሰብ ነው። ክህደትና መስዋዕትነት በአማኙ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ሁለቱ ቃላት ከአገሪቱ ፖለቲካም አይጠፉም። ትርጉማቸው ግን ተገልብጧል። «ይሁዳ» የሚባለው ከወገኖቹ የተለየ ሐሳብ ያለው ሰው ነው። «መስዋዕትነት» ደግሞ የሌላ ሰው ልጅ የሚከፍለው ዕዳ ሆኗል።

ወንጌሉ የሚለው ሌላ ነው። በማቴዎስና በማርቆስ እንደተጻፈው፣ ከመካከላቸው አንዱ አሳልፎ እንደሚሰጠው ሲነገራቸው ደቀ መዛሙርቱ ጣት አልተቀሳሰሩም። እያንዳንዱ እያዘነ የጠየቀው ስለ ራሱ ነው። ጥያቄው ተገቢ ነበር፤ በዚያው ሌሊት ጴጥሮስ ሦስት ጊዜ ካደ፣ ሌሎቹም ሸሹ።

ይሁዳም ቢሆን ተጸጽቷል። ሠላሳውን ብር ይዞ ወደ ከፈሉት ሰዎች ተመለሰ፤ እነሱ ግን የራስህ ጉዳይ ነው ብለው ሸኙት። በብሩም የሸክላ ሠሪውን መሬት ገዙበት። ከሃዲን የሚገዛ ሥልጣን ሥራው ካለቀ በኋላ እንደማያውቀው እዚህ ላይ ይታያል። ዛሬ ጓዱን ለጥቅም ለሚሸጥ ሁሉ ትምህርት ነው።

አንድ ሰው ስለ ሕዝቡ ቢሞት ይሻላል ያለውስ ማን ነበር? ሊቀ ካህናቱ ቀያፋ። ንግግሩ ስለ መስዋዕትነት ይመስላል፤ የሚሞተው ግን ተናጋሪው አይደለም። ክርስቶስ በአንጻሩ ነፍሱን ማንም እንደማይወስዳት፣ በፈቃዱ እንደሚሰጣት ተናገረ። ሊይዙት በመጡ ጊዜም እሱን ይዘው ተከታዮቹን እንዲተዉ ጠየቀ። መለኪያው ይኸው ነው፦ በፈቃድ መሆኑና ሌላውን ማትረፉ።

አቡነ ጴጥሮስ በዚህ መለኪያ የሚቆሙ ሰው ናቸው። በ1921 ዓ.ም. ከተሾሙት የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ጳጳሳት አንዱ ነበሩ። ለፋሺስት ቢገዙ፣ ሕዝቡንም ተገዛ ቢሉ ኖሮ ሕይወታቸው ሊተርፍ ይችል ነበር። እምቢ አሉ፤ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደሉ። ቃላቸውን በሌላ ሰው ደም ሳይሆን በራሳቸው አጸኑት።

ታዲያ አገር ስትወረር ሠራዊት አይጠራ ወይ? ይጠራል። ጠሪው ግን መጀመሪያ ሊመረመር ይገባል። ልጁን ውጭ አገር አስቀምጦ የገበሬውን ልጅ ወደ ምሽግ የሚጣራ፣ ከሩቅ አገር ሆኖ በስልክ ጦርነት የሚያራግብ፣ ስለ ሞት ሲያወራ ድርድርን ክህደት የሚል ሁሉ፣ የቱንም ያህል መስቀል ቢያነሣ፣ አነጋገሩ የቀያፋ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ጊዜ አንዱ ተነሥቶ «መስዋዕትነት እንክፈል» ሲል፣ ሰሚው አንድ ጥያቄ ያንሣ፦ ከፋዩ ማን ነው? ሌላውን «ይሁዳ» ከማለቱ በፊት ደግሞ፣ በዚያ እራት ላይ እንደነበሩት፣ ከራሱ ይጀምር።