ትንሿ ሄሊኮፕተር ስትንቀጠቀጥ ምን እያለች ነው?

ዱርንፎንቴንና ጂፒ የምትሠሩ ታውቋታላችሁ፤ የተሰረቀ መኪና ሲፈለግ ጣራችን ላይ የምትዞረው ትንሿ ሄሊኮፕተር። አላፊ አግዳሚው ቀና ብሎ «ይቺ ነገር አትወድቅብንም?» ይላል። ጥያቄው የሞኝ አይደለም።

እዚህ አገር ከሚታዩት ትንንሾች አንዷ አሜሪካ ሠራሿ ሮቢንሰን አር 44 ናት። ከላይ ሁለት ክንፍ ብቻ አላት፤ በደቂቃ 400 ጊዜ ያህል ይዞራሉ። ሁለት ክንፍ ያላት ሁሉ ትንሽ መንቀጥቀጧ ያለ ነው። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሲለወጥ ነው።

ወደ ላይና ወደ ታች የምትዘል ከሆነ ክንፎቹ እኩል ከፍታ ላይ አይሄዱም ማለት ነው፤ መካኒኩ የክንፉን ማዕዘን ያስተካክላል። ግራና ቀኝ ከወዘወዘች ክብደት አልተመጣጠነም፤ ጎሚስታ ጎማ ላይ እርሳስ እንደሚለጥፈው፣ እዚያም ክብደት ይጨመራል ወይ ይቀነሳል። የአብራሪው እግር ሥር ፔዳሉ በፍጥነት የሚርገበገብ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ የጅራቱ ክንፍ ይጠረጠራል። ይሄ ሁሉ በመሣሪያ ነው የሚለካው፣ በጆሮ አይደለም።

አሁን ዋናው። ባላንስ ተደርጋ ለሰለሰች፣ ከጥቂት በረራ በኋላ መልሳ ጀመራት እንበል። ብዙ ሰው «ድገማት» ይላል። ራሱ ሮቢንሰን ግን እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ማሳሰቢያ እንዲህ ያለው ክንፍ ይጠርጠር፣ ሳይመረመርም አይብረር ብሏል። ስንጥቁ ውስጥ ተደብቆ ለዓይን ላይታይ ይችላል፤ ነገር ግን ክንፉ ከመሰበሩ ጥቂት የበረራ ሰዓት ቀደም ብሎ መንቀጥቀጡ ሊጨምር ይችላል። ታዲያ በላዩ ክብደት መጨመር ምስክሩን አፉን መያዝ እኮ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2015 መጀመሪያ ኒውዚላንድ ውስጥ አንድ የአር 44 አብራሪ ኃይለኛ መንቀጥቀጥ ተሰማውና አሳረፋት። ክንፉ ላይ ስንጥቅ ተገኘ። የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ያን ዓይነት ክንፍ የገጠሙትን አር 44ዎች ከበረራ አገደ። አብራሪው «ትንሽ ልጨርስ» ቢል ኖሮ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር።

ችግሩ ያለው «ትንሽ ልጨርስ» ላይ ነው። ማሽን ሲቆም ገቢ ይቆማል፤ ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ይህን ፈተና ማንም አይነግረንም። ግን ታክሲ ዳር ይዞ ይቆማል፤ እሷ ያለችው ከሂልብሮው ፎቆች በላይ ነው። እኛ ብንጠየቅ መጀመሪያ የምናስከፍተው የጥገና መዝገቡን ነው፦ በአንድ ወር ስንቴ ባላንስ ተደረገች? ሁለተኛው ላይ ክንፉን ማን መረመረው?

የጅራቱን ክንፍ ጉዳይ በሚቀጥለው ቪዲዮ ለብቻው እናየዋለን።