ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ

ስለ ደም ግፊት ከጻፍኩ በኋላ «በእግር መሄዱን ጉልበቴ አልፈቀደልኝም፤ ምን ይሻለኛል?» ብላችሁ የጠየቃችሁኝ ጥቂት አይደላችሁም። የራሴን ልንገራችሁ። እኔንም ጉልበቴን ያመኛል። ስለዚህ በሳምንት ሦስት ቀን ጠዋት ጠዋት ብስክሌት እነዳለሁ። ብስክሌት ላይ የሰውነት ክብደት የሚያርፈው ኮርቻው ላይ ስለሆነ ጉልበት ይታጠፋል፣ ይዘረጋል እንጂ ብዙ አይሸከምም። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው። ሦስት ቀን ሃምሳ ሃምሳ ደቂቃ ከነዳሁ ሞላልኝ ማለት ነው።

ስድሳ አራት ዓመት የሞላት ሴት በሶዶ ከተማ ብስክሌት ስትነዳ ምን እንደሚባል ትገምቱታላችሁ። የገዛ ልጄ እንኳ «እማዬ፣ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ሰው ያለው ብዙም አልከፋም። የሰፈር ልጆች «ሲስተር ብስክሌት» የሚል ስም አወጡልኝ፣ በዚያው አለቀ። የከፋው አስፋልቱ ነው። መጀመሪያ የምነዳው በቦዲቲ መንገድ ነበር። አንድ ቀን አይሱዙ ከኋላዬ ጥሩምባውን ሲያስጮህ፣ ከፊቴ ደግሞ ባጃጅ ሰው ለመጫን ድንገት ዳር ሲይዝ መሄጃ አጣሁና ከነብስክሌቴ ቦይ ውስጥ ገባሁ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ሌላ አልተጎዳሁም። ነገር ግን በሥራ ዘመኔ የመኪና አደጋ የሰውን አካል ምን እንደሚያደርገው በዓይኔ አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ አስፋልቱን ተውኩት።

ከሶዶ ወደ ቦዲቲ ሲኬድ ዳሞታ በስተግራ ይቀራል። በስተቀኝ ወደ ብላቴ ቆላ አቅጣጫ የሚገነጠሉ የጠጠርና የአፈር መንገዶች አሉ። ከእነሱ አንዱን የራሴ አድርጌዋለሁ። ከአስፋልቱ ትንሽ ራቅ እንዳላችሁ የመኪናው ድምፅ ይጠፋል። ግራና ቀኙ እንሰት ነው፣ ከእንሰቱ ሥር ቡና፣ አለፍ ሲል ስኳር ድንችና ጎደሬ። በየቤቱ ደጃፍ ያለው የለመለመ ሣር መንገዱን ከስፋቱ በላይ ሰፊ ያስመስለዋል። ማለዳ ጭሱ በሣር ክዳኑ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ቤቶቹ የሚተነፍሱ ይመስላሉ። የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ «ሳሮ!» ይለኛል። እጄን ከመሪው ሳላነሣ ሰላምታ መመለስ እስክለምድ ሁለት ጊዜ ወድቄያለሁ። ዳገቱ አናት ላይ ስደርስ፣ ሰማዩ የጠራ ከሆነ፣ አባያ በስተደቡብ ይታያል፤ ቀለሙ ወተት የገባበት ሻይ ነው። እዚያ ወርጄ ውሃዬን እጠጣለሁ፣ ትንፋሼንም እሰበስባለሁ።

ይህን መንገድ ያወቅሁት ግን ጡረታ ስወጣ አይደለም። በ1978 ዓ.ም. አዲስ ነርስ ሆኜ ስመደብ ክትባት ይዤ የምወጣው በዚሁ በኩል ነበር። ዋዱ ብለን የምንጠራው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት በ1960ዎቹ በወላይታ ገጠር መጋቢ መንገዶችን ከፍቶ ነበር። እኔ ወደምሄድባቸው መንደሮች ግን መኪና የሚያስገባ አልነበረም። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልተጠበቀ ይበላሻል፤ በእግር ስሄድ ደግሞ በረዶው እየቀለጠ ይቀድመኝ ነበር። አንድ የወባ መከላከያ ሠራተኛ አዘነልኝና በእሱ ብስክሌት በሁለት ቅዳሜ መንዳት አስተማረኝ። ሳጥኑን ከኋላ በገመድ አስሬ፣ ቀሚሴን ሰብስቤ፣ በረዶው ሳይቀልጥ መድረስ ቻልኩ። ብስክሌት የወንድ ነው የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ያ ሳጥን ትዝ ይለኛል።

በ1980 ሰኔ ላይ የሆነውን ደግሞ ልርሳው ብል አይረሳኝም። ቤቷ የወለደች አንዲት ሴት የእንግዴ ልጁ አልወጣ አላት፣ ደሟ ይፈስ ጀመር። ስምንት ወንዶች በቃሬዛ ይዘዋት ተነሡ። ዝናቡ ቀዩን አፈር ጭቃ አድርጎት ስለነበር አራቱ ሲሸከሙ አራቱ የሚያዳልጠውን ይደግፉ ነበር። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሦስት ሰዓት አልፏቸዋል። ከወሊድ በኋላ የሚፈስ ደም ጤነኛ የነበረችን ሴት በሁለት ሰዓት ውስጥ ሊገድል ይችላል። የደም ግፊት መለኪያውን ክንዷ ላይ ጠቀለልኩ፣ የምሰማው ነገር አልነበረም። ቃሬዛውን የያዙት ሰዎች ግን ፊቴን እያዩ ይጠብቁኝ ነበር።

አሁን ወደ ዛሬው ልመለስ። የእህቴ ልጅ እንግሊዝ አገር ትኖራለች፣ ቅዳሜና እሑድ በገጠር መንገድ ብስክሌት ትነዳለች። የምትልክልኝ ፎቶ ያስቀናል፤ መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ቁጥቋጦ አጥር፣ ሥሩ ግን አስፋልት። እዚያ በ1886 እ.ኤ.አ. የመንገድ ማሻሻያ ማኅበር አቋቁመው መንገድ ይጠገንልን ብለው የወተወቱት ብስክሌት ነጂዎች ናቸው። ያን ጊዜ መኪና ገና በአገሩ አልነበረም። ኋላ መኪናው መጣና የለሰለሰውን መንገድ ወረሰባቸው። ከብዙ ዘመን በኋላ በ2000 እ.ኤ.አ. የወጣው የትራንስፖርት ሕግ የአካባቢ አስተዳደሮች አንዳንድ የገጠር መንገዶችን «ጸጥ ያሉ መንገዶች» ብለው እንዲሰይሙ ፈቀደ። እግረኛው፣ ብስክሌተኛው፣ ፈረሰኛውና መኪናው አብረው የሚሄዱባቸው ናቸው። መኪና አልተከለከለም፣ ቀስ እንዲል ነው የተፈለገው። ይህንን ስትነግረኝ «የእኔም መንገድ እንደዚያው ነው፣ ሰሌዳ ብቻ ነው የጎደለው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት።

ባለፈው ወር፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መታጠፊያው ላይ ስደርስ ግሬደር ቆሟል። መንገዱ ሊሰፋና ኮረት ሊለብስ ነው አሉኝ፣ ውሎ አድሮ አስፋልትም ይሆናል። እውነቱን ልናገርና፣ መጀመሪያ የተሰማኝ ንዴት ነው። በአንድ ዓመት ውስጥ ባጃጁና አይሱዙው እዚህም ሊገቡ ነው ብዬ አሰብኩ። ብስክሌቴን አጥር ላይ አስደግፌ ከሚያዩት ሰዎች ጋር ቆምኩ። አንድ አዛውንት ሰላም አሉኝ። አላወቅኋቸውም ነበር፣ እሳቸው ግን አወቁኝ። ከስምንቱ ተሸካሚዎች አንዱ ናቸው። ሥራው እስኪያልቅ መንገዴ ሊረበሽ ነው ብዬ አጉረመረምኩባቸው።

«ሲስተር፣» አሉኝ ከግሬደሩ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ፣ «ጸጥታውንማ እኛ ጠግበነዋል።»

መልስ አልነበረኝም። እኔ የምወደው ጸጥታ ያቺን ሴት የገደላት ጸጥታ ነው። መኪና ስላልነበረ ጸጥ አለ፣ መኪና ስላልነበረም ሞተች። በሥራ ዘመኔ ሁሉ መንገድ እንዲመጣ በየስብሰባው ስለምን ኖሬ ጡረታ ወጥቼ ላኩርፈው አይገባም። ግን ደግሞ አንዱን ለማግኘት ሌላውን መጣል ግዴታ አይደለም። ከመንገዱ ዳር አንድ ሜትር ተኩል ቢተውልን ለብስክሌቱም፣ ገበያ ለሚወጡት እናቶችም፣ ትምህርት ቤት ለሚሄዱትም ልጆች ይበቃል። በመንደሩ መግቢያና መውጫ ፍጥነት መቀነሻ ቢሠራ አምቡላንሱ ብዙ አይዘገይም። የትራንስፖርት ሚኒስቴር ከ2020 እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለው። ስለዚህ እንግዳ ነገር አልጠየቅኩም። ሥራው ላይ ላለ አንድ ወጣት መሐንዲስ ይህንኑ ነገርኩት። በትሕትና ሰማኝና «ንድፉ ላይ የለም፣ እማማ» አለኝ። «ንድፍ ይታረማል፣ ልጄ» አልኩት። የቀበሌውን ሰዎች ይዤ እንደገና እሄዳለሁ።

ልትጀምሩ ለምታስቡ ጥቂት ነገር ልበል። ዕድሜያችሁ ከገፋ፣ ልብ ወይም ግፊት ካለባችሁ፣ መጀመሪያ ሐኪም ያያችሁ። በሃያ ደቂቃ ጀምሩ። እየነዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ ልክ ነው፣ ማውራት ካቃታችሁ አብዝታችኋል። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን የምትወስዱ ኪሳችሁ ውስጥ ከረሜላ ያዙ፤ ላብ ላብ ካላችሁና እጃችሁ ከተንቀጠቀጠ ወርዳችሁ ብሉ። ራስ መከላከያ ቆብ አድርጉ፣ እኔ ሻሼን ከሥር አስራለሁ። ከዝናብ በኋላ ቀዩ አፈር ጎማና ፍሬን መካከል ይጋገራል፤ ያን ቀን ባትወጡ ይሻላል። ልጆቻችሁን ደግሞ በባዶ እግር አትስደዱ። ይህ ቀይ አፈር ለዓመታት ባዶ እግርን ሲነካ የእግር ዝሆኔን እንደሚያመጣ በወላይታ የማያውቅ ቤት የለም። ጫማ የብስክሌት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ኮረቱ አሁን ግማሽ ድረስ ለብሷል። ትላንት ጎሚስታው ጋ ሄጄ ከመነዳሪ አስለጠፍኩ፣ የፍሬኖቹንም ላስቲክ በአዲስ አስቀየርኩ። ቁልቁለቱ ከእንግዲህ ፈጣን ነው።