30 የሚሞላው ድምር

ጋይንት ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰን ቤተልሔምና የድጓ ዜማ ትምህርቷ ነው። ቁጥር ግን ከአብነት ትምህርት ርቆ አያውቅም፤ ከስማዳም ሆነ ከእስቴ፣ ባሕረ ሐሳብን (የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስሊያውን) የተማረ ሁሉ አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው 30 እንደሚሞሉ ያውቃል። የ2018 ወንበር (ዓመቱ በ19 ዓመቱ ዑደት ውስጥ ያለው ቦታ፣ ከአልቦ ጀምሮ ሲቆጠር) 12፣ አበቅቴው 12፣ መጥቅዑ 18 ነው። ሁልጊዜስ ለምን? መቶ ዓመት ቢቆጠር ምሳሌ እንጂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ወንበሩ ከ1 እስከ 18 ያለ ማንኛውም ቁጥር ይሁን። በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው አበቅቴ፣ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲካፈል የሚተርፈው መጥቅዕ ነው። 11 እና 19 ሲደመሩ 30 ስለሆኑ የብዜቶቹ ድምር የወንበሩ 30 እጥፍ ነው፤ ስለዚህ የትርፎቹም ድምር ያለ ቀሪ ለ30 ይካፈላል። 11ም 19ም ከ30 ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸውና ወንበሩ ከ30 ስለሚያንስ ትርፎቹ አልቦ አይሆኑም፤ ሁለቱም ከአልቦ በልጠው ከ30 ስለሚያንሱ ድምራቸው 30 ብቻ ነው። (ወንበሩ አልቦ ሲሆን መጥቅዑ 30 ይባላል።)

እርሳስ ይዛችሁ የ2019ን ሞክሩ፤ ወንበሩ 13 ነው።