ኒውክሊየስ ሁሉ ክብ ነውን?

ስለ ራዲዮአክቲቪቲ ፈተና ሲመጣ «አልፋ፣ ቤታና ጋማ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ሙሉ ማርክ ያገኛል፤ ኒውክሊየስን እንደ ኳስ አድርጎ የሣለም እንዲሁ። መምህራኖቻችንን አክብሬ እናገራለሁ፤ በእኔ አስተያየት ግን ከፍ ላሉት ክፍሎች ይህ ትምህርት ገና ግማሽ መንገድ ላይ የቆመ ነው። ሦስቱ ጨረሮች በተፈጥሮ ድንጋይ ውስጥ የሚገኙ ስለሆኑ ለጀማሪ ይበቁታል ቢባል አልከራከርም። ዳሩ ግን ፕሮቶንን ራሱን የሚተፋ ኒውክሊየስ መኖሩ፤ በ1970 እ.ኤ.አ. ኃይል ከበዛበት ከኮባልት 53 ላይ ከታወቀ እነሆ ከግማሽ ምእት ዓመት በላይ ሆኖታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በተፈጥሮ የሚገኘው ሆልሚየም 67 ፕሮቶንና 98 ኒውትሮን አለው። ፕሮቶኖች እርስ በርሳቸው ይገፋፋሉ፤ ኒውትሮኖች ግን ሳይገፉ የሚያያይዘውን ኃይል ይጨምራሉ። እንግዲህ ሊቃውንት ኒውትሮኑ 74 ብቻ የሆነ ሆልሚየም ሲሠሩ የመጨረሻው ፕሮቶን አጥብቆ የሚይዘው ያጣል። ቢሆንም ወዲያው አይወጣም፤ የኤሌክትሪክ ኃይል እንደ አጥር ከቦታል። አጥሩን ለመዝለል ጉልበት የለውም፤ በኳንተም ሕግ ግን ሲመታው ሲመታው ቆይቶ ሾልኮ ያልፋል።

ከእነዚህ ኒውክሊየሶች ግማሾቹ በአንድ ሴኮንድ 4 ሺኛ ገደማ ያልቃሉ። «ለዚህች ቅጽበት ይህ ሁሉ ድካም ምን ይጠቅማል?» የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። ለእኛ ቅጽበት ትሁን እንጂ፤ ፕሮቶኑ በዚያች ጊዜ ውስጥ አጥሩን ከቢሊዮን ጊዜ ቢሊዮን በላይ ይመታዋል። ለእርሱስ ረጅም ዕድሜ ነው።

ይህን ሆልሚየም 141 በ1998 እ.ኤ.አ. ያገኙት በአሜሪካ፤ በቺካጎ አጠገብ ባለው በአርጎን ላቦራቶሪ ብረትን አፍጥነው ከሞሊብዲነም ጋር ያጋጩ ሊቃውንት ናቸው። ኒውክሊየሱ ክብ ነው ብለው ዕድሜውን ቢያሰሉ ከተለካው ጋር አልገጥም አለ፤ እንደ ሎሚ ሞላላ ነው ብለው ሲያሰሉ ግን ገጠመ።

እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ አብሮት የተገኘው ዩሮፕየም 131 ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. እንደ ታተመው፤ ከእርሱ ከሚወጡት ፕሮቶኖች ሩብ ያህሉ ጉልበታቸው ጥቂት ጎደል ብሎ ይወጣሉ። የጎደለው የት ገባ? ወደ ኋላ የቀረውን ሳማሪየም 130 ሲያሽከረክር ቀረ። ክብ ኒውክሊየስ እንዲህ አይሽከረከርም፤ ሞላላው ብቻ ነው የሚችለው፤ ሞላላነቱም ምን ያህል እንደሆነ ከዚያችው ጉድለት ይሰላል።

ስለዚህ የፊዚክስ መምህራኖቻችን በሚመጣው ዓመት «የጨረር ዓይነቶች ስንት ናቸው?» በማለት ፈንታ፤ «ኒውክሊየስ ሁሉ ክብ አለመሆኑ በምን ታወቀ?» ብለው እንዲጠይቁን አሳስባለሁ። መልሱን በቃል አጥንቶ መጻፍ አይቻልምና ጥያቄው ከባድ ነው የሚል ተማሪ እንደማይጠፋ አውቃለሁ።